የመዳብ አረቄ ማውጫ እየሠራሁ ነው፦ ማቀዝቀዣውን እንዴት ላድርገው?

ሸዋ_መዳብ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። እንጀራዬ የቧንቧ ሥራ ነው፤ ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው ግን መዳብ ስቀጠቅጥ ነው። እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችን። አሁንም ለበዓልና ለሰርግ ታወጣለች። ዕቃዋ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ትልቅ ጋን፣ የቀርከሃ ቱቦ፣ ገንዳ ውስጥ የሚቀመጥ መቀበያ። ጭሱ ዓይኗን እየጎዳው ነው። የገንዳውን ውሃ መቀያየሩም ወገቧን አድክሞታል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠራ አነስ ያለ የመዳብ ማውጫ ልሠራላት ቆርጬ ተነስቻለሁ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። 30 ሊትር የሚይዝ ድስት፣ 2 ኪሎዋት ምድጃ፣ ከድስቱ ክዳን ተነስቶ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ የሚጠመዘዝ 5 ሜትር የመዳብ ቱቦ። ቱቦው ፍሪጅ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው፤ 9.5 ሚሊሜትርም 12.7 ሚሊሜትርም ገበያ ላይ አለ። ውሃ ግን እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቀኑን ሙሉ ቧንቧ ከፍቼ ማቀዝቀዝ አልችልም። በርሜሉን አንዴ ሞልቼ ብተወው ይበቃል? የትኛውንስ ቱቦ ልግዛ?

ቱቦ_ጠምዛዥ

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ደስ ይላል። 12.7ቱን ግዛ። ቀጭኑ ርካሽ ነው፤ ግን ሁለት ጣጣ አለው። ከውሃው ጋር የሚነካካበት ገጽ ያንሳል። ከድስቱ አረፋ ወይም ገለባ ቢነሳ ደግሞ ቶሎ ይደፈናል። የተደፈነ ማውጫ ማለት የታፈነ እንፋሎት ማለት ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ከመጠምዘዝህ በፊት ቱቦውን አለስልሰው። በጋዝ ነበልባል ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ አሙቀው፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ንከረው። ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል፤ መዳብ ግን ይለሰልሳል። ቀጥሎ ደረቅ፣ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ሙላበትና ሁለቱንም ጫፍ ድፈን። አሸዋው በደንብ እንዲጠቀጠቅ ቱቦውን መታ መታ አድርገው። ያለ አሸዋ ከጠመዘዝከው ይጨፈለቃል። ወፈር ያለ የእንጨት ግንድ ወይም የቧንቧ ቁራጭ ላይ ቀስ እያልክ ጠምዝዘው።

ከሁሉም የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ቱቦው ከላይ እስከ ታች ያለማቋረጥ ቁልቁል ይውረድ። መሃል ላይ ትንሽ እንኳ ሆድ ካወጣ አረቄው እዚያ ይቋጥራል፤ እንፋሎቱ እየገፋው አንዴ ቱፍ፣ አንዴ ዝም ይላል። ጥምዙን በሦስት ቋሚ ዘንጎች ብታስረው ቅርጹን ይዞ ይቆይልሃል።

ፊዚክስ_አስተማሪ

የበርሜሉን ጥያቄ በሒሳብ ልመልስልህ። መርሁ ቀላል ነው፦ ከድስቱ በእንፋሎት የተነሳው ሙቀት በሙሉ ማቀዝቀዣው ላይ መራገፍ አለበት። 2 ኪሎዋት ካስገባህ፣ በድስቱ ጎን ከሚባክነው በቀር፣ 2 ኪሎዋት ታስወጣለህ። ማውጫውን የሚያፈጥነውም የሚያዘገየውም ማቀዝቀዣው ነው። ሰው ግን ገንዘቡንና ሐሳቡን በሙሉ ድስቱ ላይ ያፈሳል። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ወደ አረቄ እንቀይረው። 40 በመቶ የሆነ አንድ ሊትር አረቄ ከእንፋሎት ወደ ፈሳሽ ተመልሶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ወደ 2 ሜጋጁል ሙቀት ይለቃል። ይህ 16 ሊትር ያህል ውሃን በ30 ዲግሪ ያሞቃል። ቁጥሯን ያዛት፦ ለአንድ ሊትር አረቄ 16 ሊትር ውሃ። ቀጠን ያለ አረቄ ከሆነ የውሃ እንፋሎቱ ስለሚበዛ 17 ያህል ይደርሳል።

አሁን ያንተን እንየው። 30 ሊትር ድስት ውስጥ 20 ሊትር ድፍድፍ ታደርጋለህ እንበል። ድፍድፉ 7 በመቶ አልኮል ቢኖረው፣ ሙሉ በሙሉ ብታወጣው 25 በመቶ የሆነ ከ5 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ተራ አረቄ ነው የምታገኘው። 5 ተኩል ብለን በ17 ብናበዛው 95 ሊትር አካባቢ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 200 ሊትር በርሜልህ አንዴ ከተሞላ ለአንድ ጊዜ ማውጣት ይተርፍሃል። ቧንቧ መክፈት አያስፈልግህም። የደብረ ብርሃን ውሃ ደግሞ ከመነሻው ቀዝቃዛ ነው፤ ያ ትልቅ ጸጋ ነው።

ቱቦውን በተመለከተ 5 ሜትር የ12.7 ቱቦ 0.2 ካሬ ሜትር ገጽ ይሰጥሃል። ለ2 ኪሎዋት ይበቃል። 9.5ቱ 0.15 ነው። ያም ይሠራል፤ ግን ውሃው ሞቅ ማለት ሲጀምር ጫፍ ላይ ትንጠለጠላለህ።

አዋሽ_ዳር

መምህር፣ እኛ ቆላ ያለነውስ? እዚህ በርሜል ውስጥ ያደረ ውሃ ራሱ ለብ ያለ ነው።

ፊዚክስ_አስተማሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሃህ ከ28 ዲግሪ ከተነሳና 45 ላይ ማቆም ካለብህ፣ ያለህ ልዩነት 17 ዲግሪ ብቻ ነው። ለአንድ ሊትር አረቄ 28 ሊትር ያህል ውሃ ትፈልጋለህ ማለት ነው። ሁለት በርሜል ተጠቀም፣ አለዚያ እሳቱን ቀንስ። ማታ ማውጣትም ያግዛል። ቱቦውንም 7 ወይም 8 ሜትር አድርገው፤ የሙቀት ልዩነቱ ሲያንስ ገጹን ማስፋት ግድ ነው።

የነገሌዋ

ልጄ፣ እናትህን እንዲህ ማሰብህ ይባርክህ። እኔ አርሲ ነገሌ ነው የምኖረው፤ አረቄ ሳወጣ ነው የኖርኩት። ሒሳቡን መምህሩ ነግሮሃል። እኔ የእጁን ልንገርህ።

ድፍድፉን ወፍራም አድርገህ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አትጣድ። በጋን ሲሆን እሳቱ ዙሪያውን ስለሚይዘው ይችላል፤ ቂጣው፣ ብቅሉ፣ ጌሾው ሁሉ አብሮ ይገባል። የብረት ድስት ግን ከታች ብቻ ነው የሚግለው። ቂጣው ሥር ይዞ ያርራል፣ አረቄውም እርር እርር ይላል። ያ ሽታ አንዴ ከገባ በዳግምም አይለቅም። ስለዚህ አጥልለው፤ ቀጭኑን ብቻ አስገባ። ቅሪቱን እንደ ልማዳችን በጋን ታወጣዋለች።

ድስቱንም ከሁለት እጅ በላይ አትሙላው፤ ሦስተኛው እጅ ለአረፋው ይሁን። መጀመሪያ ላይ እሳቱ ለስለስ ይበል። መጀመሪያ የሚወጣውን አንድ ሲኒ ያህል አይጠጡትም፤ ሽታው ራሱ ይከለክልሃል። ከዚያ የሚመጣው ጥሩው ነው። መጨረሻው ደግሞ ይቀጥናል፣ ይኮመጥጣል። እሱን ለብቻ አስቀምጠህ ከሚቀጥለው ድፍድፍ ጋር መልሰህ ታወጣዋለህ።

መክደኛውን በገብስ ሊጥ ምረገው። ሊጥ ጥሩ ነው፤ ከውስጥ ግፊት ከመጣበት ራሱ ይለቃል፣ ድስቱ አይፈነዳም።

ሸዋ_መዳብ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሊጡን ነገር እናቴም ብላኝ ነበር። እኔ ግን በጎማ ቀለበትና በብሎን ላጠብቀው አስቤ ነበር። ልተወው?

ቱቦ_ጠምዛዥ

ተወው። እትዬ እውነታቸውን ነው። ጎማውን የአልኮል እንፋሎት ይበላዋል፤ ሽታውም አረቄው ውስጥ ይገባል። ፕላስቲክ ቱቦም ከእንፋሎቱ መንገድ አርቅ። መቀጠያዎቹ ላይ ቴፍሎን ጥምጥም ብትጠቀም ችግር የለውም። በብሎን የታሰረ ክዳን ግን ማስተንፈሻ ከሌለው አደገኛ ነው። በመውጫው ጫፍም ምንም ዓይነት ቧንቧ መክፈቻ አትግጠም። እንፋሎት ሁልጊዜ የሚወጣበት ክፍት መንገድ ይኑረው።

ብየዳውን አደራ። ሬዲዮ ጠጋኞች የሚያቀልጡት የመበየጃ ሽቦ ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት። አረቄ እርሳስን እያሟሟ ይዞት ይወርዳል፤ መርዙም ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። እርሳስ የሌለበት የቆርቆሮ መበየጃ ወይም የብር ብየዳ ተጠቀም። ብሩንም ስትገዛ ካድሚየም የሌለበትን ጠይቅ። አንዳንድ ሰው የመኪና ራዲያተር ለማቀዝቀዣነት ሲመክር እሰማለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። የድሮ ራዲያተር የተበየደው በእርሳስ ነው፤ ውስጡም የማቀዝቀዣ ኬሚካል ጠጥቶ የኖረ ነው። አሜሪካ ውስጥ በድብቅ የሚወጣ መጠጥ ብዙ ሰው በእርሳስ የመረዘው በዚሁ በራዲያተር ነው።

ገንዘብ ካጠረህ ደግሞ ድስቱ የግድ መዳብ አይሁን። ጥሩ አይዝጌ ብረት ድስት ግዛና ክዳኑን፣ አንገቱንና ጥምዙን ከመዳብ ሥራ። መዳቡ የሚያስፈልገው እንፋሎቱ በሚያልፍበት ነው። ከእርሾው የሚመጣውን የድኝ ሽታ ይይዘዋል፤ የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸተው አረቄ ብዙውን ጊዜ መዳብ ያልነካው ነው። ሙቀት በማስተላለፍም አይዝጌ ብረትን ከሃያ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮና ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን ለድስትነት በፍጹም።

ዲሲ_ነዋሪ

ከአሜሪካ ሆነው ለሚያነቡ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ለራስ የሚሆን ጠላና ጠጅ በቤት መጥመቅ የፌዴራል ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሁለት አዋቂ ባለበት ቤት ቢራም ሆነ ወይን እያንዳንዱ በዓመት እስከ 200 ጋሎን ነው። አረቄ ማውጣት ግን የፌዴራል ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለቤት ነው ብሎ መጀመር ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ሳውዲና ኩዌት ያላችሁማ ጨርሶ እንዳትሞክሩት። መጠጡ ራሱ ክልክል ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው።

እኔ በዚህ ምክንያት ትንሿን የመዳብ ማውጫዬን ለጥብስ ቅጠልና ለባሕር ዛፍ ቅጠል ነው የማውላት። ዘይቱን አወጣባታለሁ። ጥያቄዬ፦ የማቀዝቀዣው ሒሳብ ለዚህም ያው ነው?

ፊዚክስ_አስተማሪ

ያው ነው፤ እንዲያውም ከበድ ይላል። ከቅጠሉ ጋር የሚመጣው ከሞላ ጎደል የውሃ እንፋሎት ነው። ውሃ ደግሞ ከአልኮል ይልቅ ብዙ ሙቀት ይዞ ነው የሚነሳው። ለአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ 20 ሊትር ያህል የማቀዝቀዣ ውሃ ያዝ። የባሕር ዛፍ ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ላይ ይሰፍፋል፤ አንገቱ ጠባብ የሆነ ብርጭቆ ውስጥ ከተቀበልከው ለመለየት ይቀልሃል።

ሸዋ_መዳብ

ቱቦውን 12.7 ገዝቼ ጠምዝዣለሁ። አሸዋው እንደተባለው ሠርቷል። አሁን በርሜሉ ላይ ነኝ። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። በሙከራ በውሃ ብቻ ሳፈላ የበርሜሉ ላይኛው ውሃ እጅ ያቃጥላል፣ ታችኛው ግን እንደቀዘቀዘ ነው። ማማሰል አለብኝ?

ፊዚክስ_አስተማሪ

እንዳታማስለው! የፈለግነው ይሄንኑ ነው። ሙቅ ውሃ ቀላል ስለሆነ ላይ ይቀመጣል፤ ቀዝቃዛው ታች ይተኛል። እንፋሎቱ ከላይ ገብቶ ሙቁ ውሃ ውስጥ ወደ ፈሳሽ ይለወጣል። ፈሳሹ ወደ ታች ሲወርድ ቀዝቃዛውን ያገኛል። ካማሰልከው ሁሉም ለብ ይልና የመውጫህ ቅዝቃዜ ይጠፋል።

ውሃ መጨመር ከፈለግህም በዚሁ መርህ ነው። ቀዝቃዛው በቱቦ እስከ በርሜሉ ሥር ይግባ፤ ሙቁ ከአፉ አጠገብ በተበሳ ቀዳዳ ይፍሰስ። አንዳንድ ሰው ከላይ በባልዲ ይገለብጣል፤ ያ የተደረደረውን ውሃ በሙሉ ያናውጠዋል። የሚፈሰውን ሙቅ ውሃ ደግሞ አትድፋው። ጋን ማጠቢያ፣ ድፍድፍ ማለስለሻ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከበርሜሉ የሚወጣው አረቄ ሲነካ ከ30 ዲግሪ በታች፣ ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። በመውጫው በኩል ጢስ የመሰለ ነገር ካየህ ወይም ሽታው አፍንጫህን ከመታህ፣ በመጀመሪያ ምድጃውን አጥፋ። ውሃውን ከዚያ በኋላ ተመልከት።

አዋሽ_ዳር

እኔ በትንሽ የውሃ ፓምፕ ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው ላዘዋውር አስቤያለሁ። የማወጣው በእንጨት እሳት ነው። እንዴት ነው?

ቱቦ_ጠምዛዥ

ይህን አታድርግ ወንድሜ። መብራት ቢጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ እሳቱ ግን አይቆምም። የአልኮል እንፋሎት በመውጫው በኩል ወጥቶ በቀጥታ እሳቱን ያገኘዋል። ያ እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ ነው የሚቀጣጠለው። ፓምፕ የምትጠቀም ከሆነ ምድጃህም ኤሌክትሪክ ይሁን፤ ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ይጥፉ። በእንጨት ከሆነ ግን አንዱን በርሜል ከፍ አድርገህ በራሱ ክብደት ይውረድ።

ለሁሉም የሚሆን፦ መቀበያው ከምድጃው በተቻለ መጠን ይራቅ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ሥራው ላይ ሆኖ ጥሎ መሄድ አይኖርም። መቀበያው ብርጭቆ ወይም አይዝጌ ብረት ይሁን።

ነርስ_ጎንደር

ስለመጀመሪያው ሲኒ የተባለውን ልደግፍና አንድ ነገር ላስተካክል። ብዙ ሰው «የመጀመሪያውን ከደፋሁ ሜታኖል የለብኝም» ብሎ ያምናል። መርዛማው አልኮል ሜታኖል ለብቻው በ64.7 ዲግሪ፣ የሚጠጣው አልኮል ኤታኖል በ78.3 ይፈላል፤ ነገሩ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ድፍድፍ ውስጥ ሲደባለቁ ግን እንዲህ ተራ ጠብቀው አይወጡም። ሜታኖል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በየመጠኑ ይመጣል። የመጀመሪያውን መድፋት መጥፎ ሽታና ራስ ምታት የሚያመጡትን ነገሮች ይቀንሳል፤ ጥሩ ልማድ ነው። የሜታኖል መከላከያ ግን አይደለም።

የእህል ድፍድፍ ሜታኖሉ በጣም ትንሽ ነው። ፍራፍሬ ከገባበት ከፍ ይላል። በጅምላ ሰው የሚሞተው በብዛት አንድ ሰው የኢንዱስትሪ አልኮል ሲቀላቅልበት ነው። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ አልኮል ለማጠንከር ብላችሁ ጠብታ እንኳ እንዳትጨምሩ። በእሳት ቀለም መለየትም አይቻልም። ጠጥቶ ከግማሽ ቀን በኋላም ቢሆን ዓይኑ ብዥ ያለበት፣ የሚያስመልሰው፣ ትንፋሹ የፈጠነ ሰው ካያችሁ «ሰክሮ ነው» አትበሉ። በፍጥነት ሆስፒታል ውሰዱት። መድኃኒት አለው፤ ግን ሰዓት አይሰጥም።

ሸዋ_መዳብ

ሁላችሁም ተባረኩ። ሲስተር፣ ያንቺን ለእናቴ አንብቤላታለሁ። አዲሱን መዳብ ከመጠቀሜ በፊት ምን ላድርግ? ሌላው ደግሞ፣ ኢንተርኔት ላይ «78 ዲግሪ ሲደርስ ይጀምራል» የሚል ብዙ አያለሁ። በሙከራዬ ግን ውሃው የፈላው 91 አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሬ ተበላሽቷል?

ፊዚክስ_አስተማሪ

ቴርሞሜትርህ ደህና ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ውሃ 91 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል፤ ንጹሕ ኤታኖልም 70 አካባቢ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ቁጥሮች በባሕር ጠለል ልክ የተጻፉ ናቸው። ባንተ ቤት ከስምንት እስከ ዘጠኝ ዲግሪ ቀንስላቸው። ለማንኛውም ቁጥሩን ሳይሆን የአልኮል መለኪያውን እመን። መለኪያው ትክክል የሚናገረው አረቄው 20 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ትኩሱን ከለካኸው ከእውነቱ አብልጦ ያሳይሃል።

ቱቦ_ጠምዛዥ

አዲሱን ዕቃ በመጀመሪያ ውሃና ኮምጣጤ ቀላቅለህ አፍላበት፤ በእንፋሎቱ ቱቦው ይታጠብ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ድገመው። ቀጥሎ ትንሽ ተራ አረቄ አውጣበትና የወጣውን በሙሉ ድፋው። የብየዳው ዱቄትና የእጅ ቅባት በዚያ ይሄዳል። ከዚያም በኋላ ተጠቅመህ ስትጨርስ አጥበህ ገልብጠህ አድርቀው። መዳብ ላይ አረንጓዴ ነገር ከወጣ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ እሸው። የወጣው አረቄ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ካሳየ አይጠጣም፤ ዕቃው አልጸዳም ማለት ነው።

የነገሌዋ

ልጄ፣ ለእናትህ አንድ ነገር ንገራት። በዚህ ዕቃ አረቄው ቶሎ ነው የሚወርደው፤ በጋን የለመደችው ሰዓት አይሠራላትም። እየቀመሰች፣ እጇ ላይ እያሸች ታቁም እንጂ ሰዓቱን አትይ። እሳት ላይ ጠብ አድርጋ የምትሞክር ከሆነ ደግሞ ከማውጫው ርቃ፣ ደጅ ወጥታ ይሁን። ዳግም ስታወጣ አንድ እጅ አረቄ ላይ አንድ እጅ ውሃ ጨምራ ትጣደው፤ ይጠራል፣ ከእሳት አደጋውም ይቀንሳል።

እዚህ እኛ ጋ እንጨት ከዓመት ዓመት እየተወደደ ነው፤ ደኑም እያለቀ ነው። ያንተ ዕቃ ከሠራ መጠኑንና ዋጋውን ጻፍልን። እኔም ለልጆቼ አሳያለሁ።

ሸዋ_መዳብ

እሺ እትዬ፣ እጽፋለሁ። የበርሜሉን ታችኛ መውጫ ለመብየድ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ቱቦው ከበርሜሉ የሚወጣው በሥሩ ነው ወይስ በጎኑ? በሥሩ ከሆነ የድስቱን ቁመት ማስተካከል አለብኝ።

ቱቦ_ጠምዛዥ

በጎኑ፣ ከሥሩ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ። በሥሩ ከበሳኸው ዝቃጩ መበየጃው ላይ ይተኛል፤ ቢያንጠባጥብም አታየውም። በርሜሉን ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ አስቀምጠው፤ መቀበያው ከመውጫው በታች በደንብ ይግባ። የድስቱ አንገት ደግሞ ከበርሜሉ አፍ ከፍ ይበል፤ ከክዳኑ ወደ በርሜሉ የሚሄደው ቱቦ እዚያው ቁልቁለቱን ይጀምር። ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን፤ ከመበየድህ በፊት አይተነው እንነጋገር።